የመሐንዲሱ ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ

የአንድ አገር ንግድ የሚስፋፋው ዕቃ በመግዛትና ዕቃ በመሸጥ ብቻ አይደለም። የተገዛው መሣሪያ በደረሰበት አገር አየር፣ ውሃና መንገድ እንዲሠራ የሚያደርግ፣ ሲበላሽ የሚጠግን፣ ጕድለት ሲታይበት የሚያሻሽል ባለሙያ ካልተገኘ፣ በብዙ የውጭ ምንዛሪ የመጣው ሞተር ከአስመጪው መጋዘን ወጥቶ በገዢው መጋዘን የሚተኛ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምህንድስና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ምንና እንዴት ይማራሉ የሚለው ጥያቄ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የአስመጪውም፣ የላኪውም፣ የባለሱቁም ጕዳይ ነው። እንዲያውም ለተማሪው ከሚጐድለው ነገር አንዱ ዋና ክፍል የሚገኘው በነጋዴው እጅ ነው።

ኢትዮጵያ የምህንድስናን ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ መስጠት ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። የአዲስ አበባው የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጥቂት ቈይቶ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1954፣ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የሕንፃ ሥራ ትምህርት ተከተለ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ። በዚያን ዘመን የተማሪው ቍጥር ጥቂት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ እጅግ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ የሚለው መመሪያ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ፣ የምህንድስና ክፍሎች ሞሉ። ዓላማው በጎ ነበረ፤ አገር የሚሠራ እጅ ያስፈልጋታልና። ይሁን እንጂ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ በአንድ ክረምት ሊጨመር ይችላል፤ ቶርኖ፣ የመለኪያ መሣሪያና የሠለጠነ የወርክሾፕ ባለሙያ ግን እንዲሁ በአንድ ክረምት አይበዛም። ብዙ ተማሪዎች በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ሲቆሙ፣ አንዱ ይነካል፤ የቀሩት ያያሉ።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሻሻል የሚገባው ነገር መኖሩ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ምርመራ፣ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት አሰጣጥ ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ሰብስቦ መዝኗል። መምህሩ ብቻውን ተናግሮ በሚወጣበት ክፍል ከ100 ተማሪዎች 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየጠየቁ፣ እየተነጋገሩና ችግር እየፈቱ በሚማሩበት ክፍል የወደቁት 22 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ አሳይቷል። ይህ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው። በኢትዮጵያም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። ፈተናው በጭንቅላት የተያዘውን ዕውቀት ይመረምራል፤ እጅ የሚያውቀውን ግን በወረቀት ላይ መርምሮ ለማግኘት አይቻልም። እጅ የሚማረው ዕቃው ባለበት ቦታ ነው። ዕቃው ያለው ደግሞ በነጋዴው ዘንድ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። አንድ ባለሱቅ ከውጭ አገር የመጣ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ለአዲስ አበባ ደንበኛው ይሸጣል። ከዕቃው ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ፓምፑ ከ7 እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ካለው ጕድጓድ ውሃ እንደሚስብ ተጽፏል። ደንበኛው ጕድጓዱ 7 ሜትር ስለ ሆነ ዕቃውን ተማምኖ ይወስዳል፤ በማግሥቱም «አይስብም» ብሎ ይመልሰዋል። ባለሱቁ ሁለተኛውን ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውም አይስብም። ከዚያ በኋላ ደንበኛው ባለሱቁን፣ ባለሱቁ አስመጪውን፣ አስመጪው የውጭውን ፋብሪካ ይወቅሳል። የደብዳቤ ልውውጥ ይጀመራል፤ ገንዘብ ይመለሳል፤ የንግዱ ስም ይጐዳል።

ሆኖም ፓምፑ ምንም በሽታ የለበትም። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚያወጣው የአየር ግፊት ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ እስከ 10 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ሊያነሣ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ልክ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል። በቧንቧው ውስጥ የሚጠፋው ኃይል ሲቀነስ ደግሞ የሚተርፈው 5 ሜትር ገደማ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አገር ነው፤ ጕድጓዱ የተቈፈረው ግን በደጋ ነው። መድኃኒቱም ፓምፑን መለወጥ ሳይሆን ወደ ውሃው አስጠግቶ መትከል ወይም ውሃው ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ መምረጥ ነው። ገንዘብ ሳይመለስ፣ ደብዳቤም ሳይጻፍ ነገሩ ያልቃል።

የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተርም እንዲሁ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው ከኃይሉ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። በምልክት ሰሌዳው ላይ 100 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈለት በአዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። ይህን ሳያውቅ የሸጠ ነጋዴ ደንበኛውን እንዳታለለ ይቈጠርበታል፤ ያወቀ ነጋዴ ግን አስቀድሞ ከፍ ያለውን ሞተር ያስመጣል፤ ወይም ለደንበኛው ልኩን ነግሮ ይሸጣል።

እንግዲህ የምህንድስና ተማሪ የአየርን ግፊት በሁለተኛ ዓመቱ በሰሌዳ ላይ ይማረዋል፤ ሒሳቡንም ሠርቶ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ያ ሒሳብ አንድ ሰው ተቈጥቶ ፓምፕ ተሸክሞ ወደ ሱቅ የሚመለስበት ጕዳይ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ባለሱቁ በበኩሉ የተቈጣውን ሰው በየወሩ ያየዋል፤ ምክንያቱን ግን የሚያስረዳው የለም። አንዱ መልሱን ይዞ ጥያቄውን አያውቅም፤ ሌላው ጥያቄውን ይዞ መልሱን አያውቅም። ሁለቱን የሚለያያቸው የአንድ ከተማ ጥቂት መንገዶች ብቻ ናቸው።

ይህን ርቀት ለማጥበብ የታሰበ ደንብ የለም ማለት አይደለም። የምህንድስና ትምህርት በሚሰጥባቸው በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ መንፈቅ ያህል ከትምህርት ቤት ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲለማመድ ይደረጋል። ኢንተርንሺፕ የሚባለው ይህ የተግባር ልምምድ እንደ ታሰበው ቢፈጸም ከፍ ያለ ጥቅም በሰጠ ነበር። ነገር ግን በየቦታው የሚታየው ሌላ ነው። ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዞ ከበር ወደ በር ይዞራል። አንዱ «ቦታ የለም» ይለዋል፤ ሌላው ይቀበለውና ወረቀት ሲያባዛ ወይም ከአንድ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ እንዲውል ይተወዋል። ጊዜው ሲያልቅ ማኅተም ይመታለታል፤ ተማሪውም ካለፈው ዓመት ተማሪ ተውሶ የገለበጠውን ሪፖርት ለመምህሩ ያስረክባል። እንዲህ ያለው ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ነጋዴ ሲመጣ፣ ነጋዴው «የዛሬ ዘመን ተማሪ ብሎን እንኳ መፍታት አያውቅም» ይላል። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ብሎኑ የነበረው ግን በነጋዴው ቤት ነው፤ መፍቻውንም አልሰጠውም።

ነጋዴ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል፤ እርሱ ራሱ ሙያውን የተማረው በዚህ ዓይነት ስለ ሆነ ነው። በመርካቶ ዛሬ ባለመጋዘን የሆነው ብዙ ሰው ሲጀምር በሌላው ሱቅ ተላላኪ ነበረ። መጀመሪያ ዕቃ ማንሣትን፣ ቀጥሎ ዕቃ መለየትን፣ ከዚያም ዋጋ መናገርን፣ በመጨረሻም ሰው ማመንንና አለማመንን ከጌታው አጠገብ ቆሞ ተማረ። ማንም መጽሐፍ ሰጥቶ አልፈተነውም፤ ነገር ግን በየቀኑ ተፈተነ። በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሲሆን፣ በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በዓይን ብቻ ታይቶ የየትኛው መኪና እንደ ሆነ ሲለይ፣ ያ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። የምህንድስና ተማሪ ከእንዲህ ያለው ባለሙያ አጠገብ አንድ ወር ቢቆም፣ ስለ ብረት ጠባይ ብዙ ነገር ይማራል፤ ባለሙያውም በልማድ የሚያውቀው ነገር ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ከተማሪው ይሰማል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው፣ ከአገር ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ሙያ ንቆ የውጭ አገር ቴክኒሻን በአውሮፕላን ማስመጣት የተለመደ ሆኗል። የቴክኒሻኑ አበል ግን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው።

ትምህርትንና ሥራን ማጣመር በሌላው ዓለምም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር፣ በሥራ ላይ ውለው የተማሩ መሐንዲሶች ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚሳካላቸው ከተመለከተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 ተማሪዎችን ይዞ አዲስ ሥርዐት ጀመረ። ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት በክፍል፣ አንድ ሳምንት በከተማው ፋብሪካዎች እየተፈራረቁ ዋሉ። አንዱ ወደ ክፍል ሲመለስ ጓደኛው በቦታው ስለሚተካ የፋብሪካው ሥራ አልተቋረጠም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1957 የምህንድስና ትምህርቱን ሲጀምር ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጎኑ የቆሙትም የአካባቢው የኢንዱስትሪና የንግድ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንን መቅጠር እንደሚገባቸው፣ ማንንስ መተው እንደሚሻላቸው ከወዲሁ አይተው ለመለየት ቻሉ።

ነጋዴዎች በዚህ ጕዳይ ላይ የሚያነሧቸው መቃወሚያዎች አሉ፤ በችላታ ሊታለፉም አይገባም። የመጀመሪያው የንግድ ምሥጢር ነው። ተማሪው ግን የደንበኞችን ስም ወይም የግዢውን ዋጋ ማየት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መሣሪያውን ማየት ነው። ሁለተኛው ዕቃ ያበላሻል የሚል ነው። በእያንዳንዱ መጋዘን ተበላሽቶ የተጣለ ሞተር፣ የተመለሰ ፓምፕ ወይም የማይበራ ዕቃ አይጠፋም፤ ለመማሪያ የሚበጀውም ይኸው ነው። የሞተ ዕቃ ደግሞ ሁለተኛ ሞት የለበትም። ሦስተኛው ባለሙያው ሥራውን ትቶ ተማሪ ሲያስተምር ይውላል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጊዜ ይባክናል። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው የሚለካውን ለክቶ፣ የሚመዘገበውን መዝግቦ የባለሙያውን ሸክም ያቀላል። አራተኛው «ካስተማርሁት በኋላ ወደ ሌላው ይሄዳል» የሚል ነው። ይሄዳል። የሌላው ተማሪም ወደዚህ ይመጣል። ሁሉም በሩን ቢዘጋ ግን ማንም ዘንድ የሚመጣ የለም።

እንግዲህ በሩን ለመክፈት የፈቀደ ነጋዴ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከሁሉ አስቀድሞ ለተማሪው አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይስጠው። ቡና ላኪ የሆነ እንደ ሆነ፣ የቡናው እርጥበት በመጋዘኑ በየትኛው ጥግና በየትኛው ሰዓት እንደሚለወጥ እንዲመዘግብለት ያድርግ። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ ቡና እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 ከመቶ ሊሆን ይገባዋል፤ ከዚያ ሲበልጥ ይሻግታል፤ ሲያንስ ደግሞ በሚዛን ላይ ኪሎው ይጐድላል፤ በመፈልፈያም ይሰባበራል። ወፍጮ ወይም ማበጠሪያ ያለው፣ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ኤሌክትሪክ የሚበላበትን ምክንያት እንዲመረምርለት ይዘዘው። ባለሱቅ የሆነ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የተመለሱትን ዕቃዎች ሁሉ አንድ ቦታ አስቀምጦ፣ ተማሪው የእያንዳንዱን ብልሽት ምክንያት በአማርኛ እንዲጽፍለት ያድርግ። ይህ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ግዢ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር የተሻለ መሪ ይሆነዋል።

ከዚህም ጋር ተማሪውን የሚከታተል አንድ ሰው በስም መመደብ፣ የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ መስጠት፣ ቢቻል የምሳና የመጓጓዣ ወጪውን መሸፈን ተገቢ ነው፤ ብዙው ተማሪ የድኻ ልጅ ነውና። ሴቶች ተማሪዎችም «ይህ ከባድ ሥራ ነው» ተብለው ወደ ጽሕፈት ክፍል ሊላኩ አይገባም፤ የተማሩት ምህንድስና ነው፤ የሚለማመዱትም እርሱን ሊሆን ይገባል። በመጨረሻም ማኅተሙ የሚመታው ሥራው ተሠርቶ ሲታይ እንጂ ቀኑ ስላለቀ ብቻ መሆን የለበትም። ያልሠራውን «ሠርቷል» ብሎ ማተም ያልገባን ዕቃ ገብቷል ብሎ እንደ መፈረም ነው፤ ይህን ደግሞ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

የዩኒቨርሲቲዎቹም ድርሻ ቀላል አይደለም። ተማሪውን ደብዳቤ አስይዞ ወደ ከተማ መልቀቅ ብቻ ልምምድ አይባልም። መምህሩ ተማሪው ያለበትን ቦታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሊያየው ይገባል፤ ሲሄድም ከነጋዴው ዘንድ የሚሰማውን ችግር ለክፍሉ ምሳሌ አድርጎ ይዞ ሊመለስ ይገባዋል። የፓምፑ ታሪክ በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ፣ የአየርን ግፊት የሚረሳ ተማሪ አይኖርም። የተማሪው ሪፖርትም የሚመዘነው በገጹ ብዛት ሳይሆን፣ የተሰጠውን ጥያቄ በመመለሱ ወይም ለምን ሊመለስ እንዳልቻለ በሐቅ በመግለጹ ሊሆን ይገባል። ሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለነጋዴው ቢሰጥ ደግሞ፣ ከሌላው መገልበጥ በራሱ ጊዜ ይቀራል፤ ነጋዴው የራሱን መጋዘን ያውቃልና።

በሁለቱ መካከል መገናኛ ሊሆን የሚችለው የንግድ ምክር ቤት ነው። የአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጋዴዎችን ለማሰባሰብና ጥቅማቸውን ለማስጠበቅ ነበረ። ይህ ጥቅም ዛሬ የሠለጠነ ሰው ማግኘትንም ይጨምራል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ምክር ቤቶች በየከተማቸው ተማሪ ለመቀበል የፈቀዱትን አባሎቻቸውን፣ የመሣሪያቸውን ዓይነትና የሚያቀርቡትን ጥያቄ የያዘ አንድ መዝገብ አዘጋጅተው በየመንፈቁ ለዩኒቨርሲቲዎች ቢያስተላልፉ፣ ተማሪው ከበር ወደ በር ከመዞር ይድናል፤ ነጋዴውም ለሥራው የሚስማማውን ተማሪ ያገኛል። ባሕር ዳርም ሆነ መቀሌ፣ ጅማም ሆነ ሐዋሳ፣ ዩኒቨርሲቲና ገበያ ጎን ለጎን ባሉበት ከተማ ሁሉ ይህ ሊሠራ ይችላል።

ጊዜውም ይህን የሚያስገድድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጠግኖ መጠቀም ሲቻል አዲስ ማስመጣት ምን ያህል እንደሚያከስር የማያውቅ አስመጪ የለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት በወሰነ ጊዜም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በብዛት መግባት ጀመሩ። እነዚህ መኪናዎች የቆየው ጋራዥ ከለመደው ፈጽሞ የተለየ ሙያ ይፈልጋሉ። የባትሪውን ጠባይ በክፍል የተማረው ተማሪ ነው፤ ባትሪው ያለው ግን በአስመጪው ግቢ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው መንፈቅ አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዞ ወደ ንግድ ቤት ሲገባ፣ ባለቤቱ እንደ ለማኝ ሊመልሰው፣ ወይም እንደ እንግዳ አስቀምጦ ሊያሰናብተው አይገባም። ወደ መጋዘኑ ወስዶ የተመለሰውን ፓምፕ፣ የቆመውን ሞተር፣ የማይገባውን ነገር ሁሉ ያሳየው። መልሱ ሁል ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ሆኖም ወጣቱ ከዚያ ቤት ሲወጣ የተማረው ትምህርት ለምን እንደሚያገለግል አውቆ ይወጣል፤ ነጋዴውም የሚሸጠውን ዕቃ ይበልጥ አውቆ ይሸጣል።